ተስፋዬ ሣህሉ (አባባ ተስፋዬ)

ተስፋዬ ሣህሉ (1915 – ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ተዋናይ፣ ሙዚቀኛ፣ የምትሃት ትርኢት አቅራቢና ተረት ነጋሪ ነበሩ። ሕዝቡ የሚያውቃቸው አባባ ተስፋዬ በሚለው ስም፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመታት በላይ በዘለቀው የልጆች ዝግጅታቸው ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን የሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው፣ ሴት ሆነው መድረክ ላይ ከቆሙ ቀዳሚ ኢትዮጵያውያን ወንዶች አንዱ ነበሩ። የልጆቹ ዝግጅት ዝና ይህን የሥራቸውን ክፍል ሸፍኖታል። የአባባ ተስፋዬን ችሎታ ምንጭ የሚፈልግ ሰው ግን ከዚያ መነሣት አለበት።

የተወለዱት በባሌ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው አጥተው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በዚያው በወረራው ዘመን በሆቴል ሥራ ተቀጥረው ራሳቸውን አስተዳደሩ። ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትርና የሙዚቃ ክፍል ሲያቋቁም እዚያ ገቡ። የሙዚቃ መሣሪያ መጫወትን፣ ትወናንና ምትሃትን ጎን ለጎን ይዘው የሄዱትም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ሴት ሆኖ መጫወት

የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር ጅማሬ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በጻፉት «ፋቡላ» በተባለው የአውሬዎች ኮመዲ ይቆጠራል። ከዚያ ቀጥሎ የዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔቶች መጡ፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ተውኔት ሲኖር ሚስት አለች፣ እናት አለች፣ ንግሥት አለች። እነዚህን ሆኖ የሚታይ ሰው ማግኘት ግን የመድረኩ ትልቅ ችግር ነበር።

ችግሩ ሴቶች በአደባባይ መጫወት ስለማያውቁ አልነበረም። ሴት አዝማሪዎች በጠጅ ቤት፣ በሠርግና በግብዣ ሲያዜሙና ሲያስጨፍሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ አዝማሪ መባል ራሱ እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር፤ የጨዋ ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ በሰው ፊት የሌላ ሰው ሚስት ወይም ወዳጅ መስላ መታየቷ ደግሞ ለቤተሰቡ ከዚያም የከፋ ውርደት ነበር። ስለዚህ ሴቷን ሆኖ መጫወት ባሉት ወንዶች ላይ ወደቀ። መልካቸውና ድምፃቸው የተስማማ ወጣቶች ተመርጠው ሴቷን ይሆኑ ነበር። ተስፋዬ ሣህሉም ከእነዚህ አንዱ ሆኑ፤ በሴት ገጸ ባሕርይም ስማቸው ተጠራ።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕዝብ ቴአትር የሴት ገጸ ባሕርይ የወንድ ልጆች ድርሻ ነበር፤ የሼክስፒር ጁልየትም ሆነች ዴስዲሞና መጀመሪያ የታዩት በወንድ ልጅ ነው። በጃፓን ሴቶች ካቡኪ ከሚባለው የአገሩ ቴአትር መድረክ በ1629 እ.ኤ.አ. ከተከለከሉ በኋላ ሴትን መሆን የዕድሜ ልክ ሙያ ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። በቻይናም ሜይ ላንፋንግ (1894–1961 እ.ኤ.አ.) በሴት ገጸ ባሕርይ የዓለም ዝናን አትርፈዋል። በእኛ አገር ግን ዘመኑ አጭር ነበር፤ ትምህርት ቤትም፣ መምህርም፣ የተጻፈ መመሪያም አልነበረውም።

ሥራው ቀላል ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው የአዲስ አበባን ተመልካች አያውቅም። ነጠላ ለሐዘን የሚለበስበት፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚጣፋበትና ለበዓል የሚደረግበት ሁኔታ የተለያየ ነው፤ ጥለቱ የት እንደሚውል አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። የሴት አቀማመጥ፣ እንግዳ ስትቀበል አጎንብሳ የምትነሣበት፣ ለቅሶ ላይ ደረቷን የምትመታበት ሁሉ ዓይን አለበት። ተዋናዩ በአንዱ ከሳተ ሐዘኑ ወደ ሳቅ ይለወጣል። ዛሬ ወንድ ኮሜዲያን ሻሽ አስሮ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ሳቅ ነው። የያኔው ተዋናይ ግን ተመልካቹን በእናት ሐዘን ማስለቀስም ይጠበቅበት ነበር። በእኔ ግምት ተስፋዬ ሣህሉን ለምስጋና የሚያበቃቸው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የሴትን ገጸ ባሕርይ በክብር ተሸክመው ቴአትሩ ሳይጎድል እንዲቆይ አድርገዋል። ይህ የመድረክ ሙያ ነበር፤ ስለ ግል ሕይወታቸው የሚነግረን ነገር ስለሌለ በዚያ መንገድ መተርጎም የለበትም።

በ1940ዎቹ ውስጥ ሴቶች ራሳቸው ስድቡንም ሐሜቱንም ችለው ወደ መድረክ ወጡ። ከእነርሱ መካከል በተዋናይነትም በክራርም የታወቁትና በ2004 ዓ.ም. ያረፉት አስናቀች ወርቁ ይገኙበታል። ሴቶቹ ሲመጡ የወንዶቹ ተራ አበቃ። መሆንም የነበረበት እንዲሁ ነው፤ ይሁንና የመጡት ሴቶች ያገኙት መድረክ የሴት ታሪክ መስማት የለመደ ተመልካች ያለው መድረክ ነበር።

ከኮሪያ እስከ ብሔራዊ ቴአትር

ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ጦርነት ላከች፤ ዘመቻውም ለዓመታት ቀጠለ፤ ተስፋዬ ሣህሉም ወደዚያው ዘምተው ወታደሩን በጨዋታና በሙዚቃ አዝናንተዋል። ከአገሩ ርቆ በብርድ ውስጥ ለሚዋጋ ወታደር የአገሩን ዜማና ቀልድ ይዞ መገኘት ራሱን የቻለ ዘመቻ ነው።

ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ተጠናቅቆ በ1948 ዓ.ም.፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በዚህ ቤት ተስፋዬ ሣህሉ ለረጅም ዘመን አገልግለዋል።

የልጆች አባት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ሥርጭት ጀመረ። ተስፋዬ ሣህሉም ወዲያው የልጆችን ዝግጅት ያዙ። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» የሚለው ሰላምታቸው በሦስት መንግሥታት ዘመን ዘልቋል። ቴሌቪዥን በጥቂት ቤቶች ብቻ በነበረበት ጊዜ የሰፈር ልጆች ጎረቤት ቤት ተሰብስበው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይጠብቋቸው ነበር።

ዝግጅቱ ብዙ ዕቃ አልነበረውም። ሽማግሌው፣ ተጋባዥ ልጆች፣ ተረት፣ አልፎ አልፎም ምትሃት። ጅቡም፣ አንበሳውም፣ ጦጣዋም፣ አሮጊቷም ከአንድ ሰው ድምፅና ፊት ይወጡ ነበር። ይህን ለማድረግ የተዘጋጁት በቴሌቪዥን ቤት አይደለም። በወጣትነታቸው ሌላ ሰው ሆነው መድረክ ላይ የቆዩበት ዘመን፣ ድምፅን መለወጥና በትንሽ እንቅስቃሴ ገጸ ባሕርይን ማሳየት አስተምሯቸዋል ብዬ አምናለሁ። ሌላው ታላቅ ነገር ልጆቹን ማስቀደማቸው ነው፤ ዓይን አፋሩ ልጅ ስሙን እስኪናገር ይታገሡታል፣ ተረቱን እየተንተባተበ ሲናገርም አያቋርጡትም። ትልቅ ሲናገር ትንሽ ዝም ይበል በሚባልበት አገር ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር። ተረቶቻቸውንም በመጽሐፍ አሳትመዋል።

ከአርባ ዓመት በላይ ካገለገሉ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ በዝግጅቱ ከተላለፈ አንድ ተረት ጋር በተያያዘ ከሥራው ተነሡ። ያን ያህል ዘመን የለፉ ሰው ስንብታቸው እንዲያ መሆኑ ብዙዎችን አሳዝኗል፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። በዚያው ዓመት ገደማ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ዝግጅት ተጀመረ፤ አዲሱ ትውልድ በሌላ መልክ ተረት መስማቱን ቀጠለ።

ዕረፍት

አባባ ተስፋዬ በ94 ዓመታቸው ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ፤ የተቀበሩትም በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። አገር ውስጥም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን በሐዘን ሲያስቧቸው የተነሣው በአብዛኛው የልጅነት ትዝታቸው ነበር። አያቱም፣ አባቱም፣ ልጁም በአንድ ሰው ተረት ያደጉበት ቤት በአዲስ አበባ ጥቂት አይደለም።

የቀድሞውን የመድረክ ሥራቸውን ያየ ሰው ግን እያለፈ ነው። ፎቶግራፍ፣ የቴአትር ማስታወቂያ ወረቀት ወይም የተቀዳ ድምፅ በቤቱ ያለው ሰው ለብሔራዊ ቴአትር ወይም ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) ቅጂውን ቢሰጥ፣ ያን ጊዜ ያዩ አረጋውያን በቤቱ ያሉት ደግሞ ዛሬውኑ ቢጠይቋቸውና ቃላቸውን ቢቀዱ ለኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ ትልቅ ውለታ ነው።