ሬዲዮኑን ያስጮኸው ማን ነበር?

ወዳጆቼ፣ በተለይ ሺንሺቾ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ፣ ዛሬ ስለ ሬዲዮ ጩኸት ታሪክ ላውራችሁ።

ጣቢያ አልሰማ ሲል እኛ አገር የሚደረገው ይታወቃል። ድንጋይ ይቀየራል፣ አንቴና ይዞራል፣ ካልሆነ ሬዲዮኑ ጠጋኝ ቤት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሬዲዮኑ አልነበረም።

አንዱ ጥፋተኛ የቤንዚን መኪና ነው። ካንዴላው ብልጭ ባለ ቁጥር የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። ማርኮኒም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መልእክት የላከው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። ስለዚህ ቤንዚን መኪና ሁሉ ሳያውቀው ትንሽ ማሰራጫ ነው። ናፍጣ የሚጠጣው አይሱዙ ካንዴላ ስለሌለው ከዚህ ነፃ ነው።

ሁለተኛው ሞባይል ነው፤ አዲስ አበባ በ1999 እ.ኤ.አ. ገባ፣ ወደኛም ቀስ ብሎ ደረሰ። ስልኩ ሊጠራ ሲል ቴፑ "ድድ ድድ ድድ" ሲል ታስታውሳላችሁ? የዚያን ጊዜ ስልክ በንግግር ላይ ሞገዱን በሴኮንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ይልካል። የስፒከሩ ሽቦ እንደ አንቴና ይቀበለዋል፣ አምፕሊፋየሩ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል።

ሦስተኛው ግን ሆን ተብሎ የሚላክ ነው። የጀርመን ድምፅ አማርኛ ከ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአጭር ሞገድ ሲደመጡ ኖረዋል። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ክፍል ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ መንግሥታቸው የማፈን አቅሙን እየገነባ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። አሜሪካ ንጽጽሩን አወገዘች።

አፈናን መለየት አይከብድም። መኪና አልፎ ይሄዳል፣ ስልክ ጥሪው ሲያበቃ ዝም ይላል። አፈናው ግን አጠገቡ ያለውን ጣቢያ ትቶ በአንዱ ላይ ብቻ ይቀመጣል፤ ጣቢያው ሞገድ ሲቀይር ተከትሎት ይሄዳል።

ሚል ኮሊን በ1994ቱ እልቂት ሰው ያስጨረሰ ሬዲዮ ነው፤ በሬዲዮ የሚነዛ ጥላቻ ቀልድ አይደለም። ቢሆንም ጩኸት የተሳሳተውን ዜና ከትክክለኛው አይለይም፣ የጤናውንም የእርሻውንም ፕሮግራም አብሮ ይውጣል። የተሳሳተ ጣቢያ መልስ ሊሰጠው፣ በማስረጃ ሊሞገት ይችላል። ጣቢያው ከታፈነ አድማጭ ማን እንደዋሸ በምን ያውቃል? የገጠሩ ሰው ደግሞ ሌላ አማራጭ አልነበረውም፤ ከዚያች ሬዲዮ ውጭ ምን ነበረው?

እስቲ እናንተ ቤት አባባ ወይ አያታችሁ የትኛውን ጣቢያ ነበር የሚያዳምጡት? ሲጮህባቸውስ ማንን ይወቅሱ ነበር? ከታች ጻፉልኝ።