ስርገተ ውሃ፦ ኦስሞሲስ በአማርኛ

ዘጠነኛ ክፍል ገብተን ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ መማር ስንጀምር፣ መጀመሪያ ከሸመደድኳቸው ፍቺዎች አንዱ የኦስሞሲስ ነበር። ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ ሳልደናቀፍ እወጣው ነበር። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ «ምን ማለት ነው?» አለችኝ፤ ያንኑ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ደገምኩላት። ከፊታችን ለምሳ የቀረበ የቲማቲምና የቃሪያ ሰላጣ ነበር። እናታችን ቀደም ብላ ጨው ነስንሳበት ስለቆየ ሰሃኑ ግርጌ ውሃ አጠራቅሟል። የጠየቀችኝ ነገር እዚያው ሰሃን ላይ ነበር፤ እኔ ግን የማውቀው በደብተሬ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ስስ ሽፋን ሁለት ፈሳሾችን ለይቷል እንበል። ሽፋኑ መራጭ ነው፦ ውሃን ያሳልፋል፣ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው ወይም ስኳር ግን ያግዳል። በአንዱ በኩል ጨው በዝቷል፣ በሌላው አንሷል። ጨው አልፎ መሄድ ስላልቻለ ውሃው ይሄዳል፤ ጨው ካነሰበት ወደ በዛበት። የሁሉም ሕያው ነገር ህዋስ እንዲህ ባለ መራጭ ሽፋን የተጠቀለለ ስለሆነ፣ ይህ እንቅስቃሴ በሥርም፣ በቅጠልም፣ በደምም ውስጥ አይቋረጥም።

ማየት ለሚፈልግ ድንች ይበቃል። ልጣጩን አንሱና በጣት ውፍረት ሁለት ዘንግ ቁረጡ። አንዱን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ፣ ሌላውን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው በተበጠበጠበት ብርጭቆ ውስጥ ከትታችሁ ጥቂት ሰዓት ቆዩ። ከንጹሑ ውሃ የወጣው ገትሮ ይጠብቃችኋል፤ ልታጥፉት ስትሞክሩ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከጨዋማው የወጣው እንደ ራሰ ጠፍር ይለመጣል፤ ጣታችሁ ላይ ብትጠመጥሙትም አይሰበርም። የመጀመሪያው ውሃ ጠጥቷል፣ ሁለተኛው ውሃውን ተነጥቋል።

ስሙን በአማርኛ ምን እንበለው? «ስርጭት» የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን ሽቶ ክፍሉን ሲሞላ ለምናየው ለሌላው እንቅስቃሴ ይሻላል፣ ደግሞም ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወስደውታል። «ስርጸት» በጆሮ ያምራል። ሆኖም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መንፈስ ቅዱስ ከአብ መሥረጹን የሚናገር የከበረ ቃል ነው፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ «የቴክኖሎጂ ስርጸት» ሆኗል። እኔ የምመርጠው «ሰረገ» የሚለውን ነው። ገበሬው እርከን የሚሠራው ጎርፉ እንዳይሮጥና ውሃው ወደ አፈሩ እንዲሰርግ ነው። «ሰርጎ ገብ» ስንልም ጥበቃ ባለበት ድንበር ድምፅ ሳያሰማ ያለፈን ማለታችን ነው። ጥበቃው ጨውን ሲያግድ ውሃው ያልፋል፤ ቃሉ ለሥራው የተሰፋለት ያህል ነው። ከዚህ ተነሥቼ «ስርገተ ውሃ» እለዋለሁ።

«ሰረገ የሚባለው እኮ ወደ ውስጥ ለሚገባ ብቻ ነው፤ ከቲማቲሙ የወጣውስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አውሮፓውያንም ገጥሟቸዋል። በ1748 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ካህን ዣን አንትዋን ኖሌ አልኮል የሞላበትን ዕቃ አፍ በአሳማ ፊኛ ወጥሮ ውሃ ውስጥ ቢነክረው፣ ውሃው እየገባ ፊኛውን ነፋው። በ1820ዎቹ ሌላው ፈረንሳዊ አንሪ ዱትሮሼ ነገሩን ሲሰይም «መግፋት» ከሚል የግሪክ ቃል ተነሥቶ ሁለት ስም አወጣ፦ ለሚገባው ኢንዶስሞስ፣ ለሚወጣው ኤክሶስሞስ። ሁለቱን ወደ አንድ ያሳጠረው በ1854 ቶማስ ግራሃም ነው። እኛም «ወደ ውስጥ ስርገት» እና «ወደ ውጭ ስርገት» ብለን ብንጀምር የሄዱበትን መንገድ መሄዳችን ነው።

«ውሃ» የሚለውን ከስሙ ጋር ያጣበቅኩት ተማሪ ሁሉ የሚደናቀፍባት አንዲት ቦታ ስላለች ነው። ስርጭት ከብዙ ወደ ጥቂት ይሄዳል ተብለን ሳንጨርስ ኦስሞሲስ ከጥቂት ወደ ብዙ ይሄዳል እንባላለን፤ ፈተና ላይም ሁለቱ ይምታቱብናል። የሚለያየው የምንቆጥረው ነገር ብቻ ነው። ጨውን ከቆጠርን ከጥቂት ወደ ብዙ ነው፤ ውሃን ከቆጠርን ግን እንደ ስርጭቱ ሁሉ ከብዙ ወደ ጥቂት። ስሙ ራሱ «ውሃውን ቁጠር» ካለን ግራ መጋባቱ ይቀላል።

ለቅዳሴ የሚዘጋጀው ዘቢብ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲያብጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ስኳሩ ከውስጥ ነውና ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የቀይ ደም ህዋስ ግን እንደ ድንች ህዋስ የሚደግፈው ጠንካራ ግድግዳ የለውም። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢገባ እስኪፈነዳ ያብጣል። በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው እንዲኖረው የሚደረገው ለዚህ ነው።

ተማሪዎች ከሁሉም አስቀድመው ወደ ቤታቸው ይዘውት ቢሄዱ የምወደው ግን የኦአርኤስን (በተቅማጥ ጊዜ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የፓኬት ዱቄት) ነገር ነው። ኮሌራ የያዘው ሰው አንጀት ጨውን ወደ ውጭ ይለቃል፣ ውሃውም ጨውን ተከትሎ ይወጣል። ባዶ ውሃ ማጠጣት ብቻውን አይበቃም። በፓኬቱ ውስጥ ግሉኮስ የተጨመረው ለማጣፈጥ አይደለም፤ የአንጀት ግድግዳ ግሉኮስንና ሶዲየምን አጣምሮ የሚያስገባ በር አለው፣ ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ተከትሏቸው ይሰርጋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1978 ይህን ግኝት ምናልባትም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ትልቁ የሕክምና እርምጃ ሊሆን ይችላል ብሎ ጽፏል። ታዲያ አንዳንድ እናት «ጠንከር ይበልለት» ብላ የአንድ ሊትሩን ፓኬት በግማሽ ሊትር ውሃ ትበጠብጠዋለች። ያን ጊዜ ጨውና ስኳሩ ከደሙ ይልቅ አንጀቱ ውስጥ ይበዛል። ውሃውም ከልጁ ሰውነት ወደ አንጀቱ ተመልሶ ይሰርጋል፣ ልክ ከቲማቲሙ ወደ ሰሃኑ እንደወጣው።