ከወለቃ እስከ ሊማሊሞ፦ ፒስታው፣ ብስክሌቱና የደጃዝማች አያሌው ነገር

መስቀል ባለፈ ማግስት፣ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ከደባርቅ አጠገብ በወልቀፊት አምባ መሽጎ ክረምቱን ያሳለፈው የጣልያን ጦር እጁን ሰጠ። አዛዡ ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ ነበር፤ ከእሱ ጋር የተማረኩት ጣልያኖችና የአገሬው ቅጥር ወታደሮች ተደምረው ወደ 3 ሺህ ይጠጋሉ። የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ የተማረከው ሁለት ወር ቆይቶ ኅዳር 18 ቀን ስለሆነና የጣልያን የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ያበቃለትም ያን ዕለት ስለሆነ፣ ወልቀፊት በየዓመቱ ከደመራውና ከእንቁጣጣሹ ወሬ ሥር ተሸፍኖ ያልፋል። ዘንድሮም ያልፍ ነበር፤ አዘጋጃችን «ፈረንጆቹ ብስክሌት ስለሚነዱባቸው የጎንደር ፒስታ መንገዶች አንድ ነገር ጻፍ» ባይለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ አሁን አንድ ዓይነት ብስክሌት ገንኗል። ጎማው ከእሽቅድምድሙ ወፈር፣ ከተራራው ቀጠን ያለ ነው፤ አስፋልት ሲያልቅ ነጂው አይወርድም። በፈረንጅ አገር ጠጠር መንገድ ፍለጋ ከፍለው ይሄዳሉ፤ እኛ ከፒስታ ለመገላገል ስንት ዓመት አቤቱታ እንዳስገባን አልሰሙም። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚጓዘው የብስክሌት ጉዞም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመተማ ገብቶ በጎንደር በኩል ያለፈበት ጊዜ ብዙ ነው። ተጓዦቹ ግን ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደቡብ ይታጠፋሉ። ታሪኩ ያለው በሰሜኑ በር ነው።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማው እንደወጡ ወለቃ አለች፤ ቤተ እስራኤሎች ብረት የቀጠቀጡባትና ሸክላ የሠሩባት መንደር። አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ቢሄዱም የሸክላው ሥራ ከመንገዱ ዳር አልጠፋም። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ኮሶዬ ላይ በግራ በኩል መሬቱ ተቆርጦ ወደ አርማጭሆ ቆላ ይወርዳል፤ በቀኝ የወገራ ደጋ፣ ገብስና ባቄላ፣ ባሕር ዛፍ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀረ ጥድና ወይራ። አምባ ጊዮርጊስ፣ ገደብዬ፣ ዳባት፣ ወቀን፣ ደባርቅ። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ለብስክሌተኛው የሚሆኑት ከየከተማው ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገነጠሉት ኮረኮንቾች፣ ከደባርቅ በፓርኩ ውስጥ በሳንቃበርና በጨነቅ አልፎ ቧሂትን ተሻግሮ ጃናሞራ የሚገባው ፒስታ፣ ከሁሉም በላይ ግን ሊማሊሞ ናቸው።

ሊማሊሞን «ጣልያን ሠራው» ማለት ልማድ ነው፤ ግማሽ እውነት ነው። ጥምዝምዙን ለመኪና የቆረጠው፣ ገደሉን በድንጋይ ድጋፍ ግንብ የያዘው እርግጥ ጣልያን ነው። ግንቡን ቀርቦ ላየው ሰው ድንጋዩ በመዶሻ እየተጠረበ አንዱ በሌላው ላይ የተሳካ ነው፤ ከሥሩ የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦ አለ፤ ኋላ በኤንትሬ ጭነት ይዘው የወጡና የወረዱ ሾፌሮች በየኩርባው የፍሬን ሸራ ሽታ እየሸተታቸው በዚያ ግንብ ተማምነው ኖረዋል። በሩ ግን የነጋዴ በር ነው። ከምጽዋ የተነሣ ቅፍለት ጎንደር የሚገባው በዚህ ሽቅብ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጎንደር የገባው ይህንን ገደል ወጥቶ ነው፤ የመውጫውን አበሳም በመጽሐፉ በሰፊው ጽፏል። ደጃዝማች ውቤ የሰሜንንና የትግራይን ግዛት አንድ ላይ የያዙት፣ ካሳ ኃይሉም ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚሁ በሰሜን ተራራ ነው። ይህ የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም።

እኔን የያዘኝ የበሩ ጌታ የነበሩት ሰው ጉዳይ ነው፤ ደጃዝማች አያሌው ብሩ።

አያሌው ከሰሜን መኳንንት ወገን ናቸው። ራስ ጉግሣ ወሌ በ1922 ዓ.ም. ባመፁ ጊዜ፣ ዘመዳቸው ሆነው ሳለ ከንጉሥ ተፈሪ ጎን ቆሙ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ አውሮፕላን በኢትዮጵያውያን ጦር ላይ ቦምብ ሲጥል ጉግሣ ወደቁ፤ ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። አያሌው የራስነት ማዕረግና የበጌምድር ግዛት ጠብቀው ነበር። በጌምድር ለራስ ካሣ ተሰጠ። አገሬውም በእሳቸው ላይ ግጥም አወጣባቸው፤ ሰው አምኖ የተሞኘ ሰው ተብለው መዝፈኛ ሆኑ። ጎንደሬ ለዘፈን ሰው አይመርጥም።

ቂም የያዘ ባላገር መስፍን ደግሞ ለጣልያን የተመቸ ነው። ሮማ በጎንደር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደሴና በዓድዋ ቆንስላ ከፍታ ያኮረፈ መኳንንት ታባብል ነበር። ከአያሌው ጋርም ደብዳቤ ተጻጽፋለች። የታሪክ ጸሐፊዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን አያሌው ከጦርነቱ በፊት የተገዙ ሰው ነበሩ፣ በ1928 ዓ.ም. መጋቢትም በሩን ሆን ብለው ለቀቁ ይላል። ሌላው ወገን ሁለት ቢላ የያዙ መስለው ጊዜ ገዙ እንጂ አልሸጡም ባይ ነው።

ለመጀመሪያው ወገን የሚመቸው ማስረጃ መልክዓ ምድሩ ነው። ሊማሊሞ ለተከላካይ የተፈጠረ ገደል ነው፤ ጥቂት ሰው ከላይ ሆኖ ድንጋይ ቢያንከባልል ሻለቃ ያቆማል። የጣልያን እግረኛ ግን ያለ ትልቅ ውጊያ አለፈበት። ከጠረጴዛ ላይ ሲታይ ክሱ የተዘጋ ይመስላል።

የተገዛ ሰው ግን ተከዜን አይሻገርም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ የሜጀር ክሪኒቲን ጦር ሰበረ። ትናንሾቹ የጣልያን ታንኮች በመተላለፊያው ጠባብነት መዞር አቅቷቸው ተያዙ፤ በጎራዴና በጠመንጃ ሰደፍ የተደበደቡት እዚያ ነው። አክሱም ያለው የጣልያን ጦር ከኋላው ሊቆረጥ ምን ቀረው? ከሳምንት በኋላ ከሰማይ የወረደው የመርዝ ጋዝ ነው ያተረፈው፤ ራስ እምሩም ኋላ ለታሪክ ጸሐፊ በቃላቸው መስክረውታል። የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ ሽሬ መጣ። ከዚያ የተረፈው ጦር በአውሮፕላን እየተሳደደ ተከዜን ሲመለስ ተበተነ። ሊማሊሞን የሚዘጋው ማን ነበር? ሰዉ ልጁንና ሚስቱን ፍለጋ ሄዷል። ደብዳቤዎቹም ቢሆኑ የጻፏቸውን ሰው ሐሳብ ከሚያሳዩ ይልቅ የጣልያን ቆንስሎችን ተስፋ ነው የሚያሳዩት። ቆንስል ለሚኒስቴሩ «የያዝኩት ሰው አለ» ብሎ መጻፍ እንጀራው ነው።

ማይጨው መጋቢት 22 ሆነ፤ አንቺም ከሆነ ልክ ስድስት ዓመቱ። በማግስቱ መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ተያዘች። የገባው አኪሌ ስታራቼ ነው፤ የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊና የጣልያን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ በስፖርት ያበደ ሰው። በሊማሊሞ አልመጣም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ካሚዮኖች አሰልፎ በሰቲት በኩል በቆላው ዞረና ገባ። ያደገበት በርሳልየሪ የተባለው ጦር በአንደኛው የዓለም ጦርነት በተጣጣፊ ብስክሌቶቹ የታወቀ ነበር፤ እሱ ግን ለጎንደር መኪና መረጠ፣ ወዲያውም ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. ሚላኖ ላይ ሲያዝ የስፖርት ልብስ ለብሶ ሶምሶማ እየሮጠ ነበር ይባላል፤ በዚያው ከሙሶሊኒ ሬሳ አጠገብ ተረሸነ።

አያሌው ለጣልያን ገቡ። ብዙ መኳንንት ገብቷል። በእነዚያ አምስት ዓመታት በአርማጭሆ እንደ አሞራው ውብነህ ያሉት ጫካ ነበሩ፤ የአርበኝነቱ ስም የሚገባውም ለእነሱ ነው፤ ከዚህ ላይ የምከራከረው የለኝም።

በ1933 ዓ.ም. እንግሊዝ ከሱዳንና ከኬንያ ሲገባ ግን አያሌው ተመልሰው በጣልያን ላይ ተነሡ፤ አርበኞችም ደባርቅን ይዘው ወልቀፊትን ከበቡ። ሰኔ ላይ የጎኔላ ጦር ከምሽጉ ወጥቶ መታና ደጃዝማችን ማረከ። ወልቀፊት ሲወድቅ በእንግሊዝ መዝገብ የተጻፈው ድሉ የ25ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ መሆኑ ነው። ብርጌዱ ግን የመጣው በመጨረሻ ነው። ክረምቱን ሙሉ ስንቅ እንዳይገባ ጎዳናውን የዘጉት፣ በጉምና በዝናብ የቆዩት የወገራና የሰሜን ሰዎች ናቸው። ጎኔላን ያስወጣው ደግሞ የከበባው ረሀብ ነው። ለጣልያን የተሸጠ ሰው በጣልያን እጅ መማረኩስ እንዴት ሆኖ ነው? ጠላታቸው እንኳ የሚያውቀውን የእኛ ዘፈን አላወቀም።

ዛሬ ይህን መንገድ በብስክሌት ልሂድ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሰላሙን ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ደርሶ፣ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰው አልቋል፤ ከዚያ ወዲህም ክልሉ አልተረጋጋም። አስጎብኚውም ፓርኩም ስንት ወራት ባዶ ከርመዋል። ሲረጋጋ ግን የወገራ ፒስታዎች ከፋሲል ግንብ ሌላ የሚታይ ይሰጣሉ፤ የገጠሩ ወጣት በብስክሌት ኪራይ፣ ጎሚስታው በጎማ ጥገና፣ ባለ ቤቷ በጠላና በድንች ሽያጭ እንጀራቸውን ይበሉበታል። አስጎብኚዎቻችን ወልቀፊት ላይ ሲደርሱ ስለ ጭላዳና ስለ ዋልያ ይናገራሉ፤ የጎኔላንና የአያሌውን ነገር ቢጨምሩበት ጉዞው አይረዝምም።

ሊማሊሞን በብስክሌት የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ደባርቅ ላይ ያስፈትሽ፣ ጠዋትም ይውረድ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ይነሣል፤ ጭነት የያዘ መኪና ኩርባ ላይ ሲገናኝ ውስጡን ይይዝና የገደሉን ጠርዝ ለብስክሌቱ ይተዋል።