ነጥቡ የት ነው?

«እህቴ፣ ዕቃ ይዤልሽ ነበር፤ የት ጋ ነሽ?» አለኝ ሞተረኛው። «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ኮብልስቶኑን ይዘህ ና፤ ቀይ በር» አልኩት። «የቱ ዳቦ ቤት?» ለካ ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን እስካሁን የምጠቁመው በሱ ነው። ሦስቴ ተደዋወልን። መጨረሻ ላይ አስፋልቱ ድረስ ወጥቼ እጄን አውለበለብኩ።

«ይሄን ነገር ኮምፒውተር አልፈታውም እንዴ?» ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያን ማታ ነው። ፈትቶታል፤ ግን የኛን ጥያቄ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1959 ጆርጅ ዳንዚግ እና ጆን ራምሰር ስለ ቤንዚን ቦቴዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ከአንድ ዴፖ ተነስተው ብዙ ማደያዎችን የሚያዳርሱ ቦቴዎች አሉ፤ ድምር መንገዳቸው እንዲያጥር የትኛው ቦቴ ወደየትኞቹ ማደያዎች ይሂድ? ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን አንድ ሞተረኛ 10 ቤት ቢኖረው፣ ቤቶቹን የሚያዳርስባቸው ቅደም ተከተሎች 3,628,800 ናቸው። ቤቶቹ 15 ከሆኑ ከአንድ ትሪሊዮን ያልፋሉ። ሁሉንም ሞክሮ መምረጥ የማይታሰብ ነው።

በ1964 ክላርክ እና ራይት ያመጡት ዘዴ ደግሞ እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ የሚያደርጉት ነው። አንዱ ቤት ከመጋዘኑ 6 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 5 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል፤ በሁለቱ ቤቶች መሀል ያለው 2 ነው። ለየብቻ ደርሶ መልስ ከሄድክ 22 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ዙር ካዳረስካቸው 13። የተረፈው 9 ነው። እንዲህ ብዙ የሚያተርፉትን ጥንዶች እያስቀደሙ ማያያዝ ነው፤ በቃ። የግድ ምርጡን መንገድ አይሰጥም፣ ግን ጥሩ መንገድ ቶሎ ይሰጣል።

ከዚያ በ1980 ሃሪላኦስ ፕሳራፍቲስ ሌላ ጣጣ አነሳ፦ መኪናው መንገድ ላይ እያለ አዲስ ጥሪ ቢመጣስ? ዕቅዱ እንደገና ይሠራል፤ ሌላ ሲመጣ እንደገና። ዛሬ የሞተረኛው ስልክ ላይ በየደቂቃው የሚቀያየረው ዝርዝር የዚህ ሐሳብ ዘር ነው።

እነዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ተሰጥቷቸው ነው የጀመሩት፤ ነጥቦቹን። ማደያው የት እንዳለ ይታወቃል። የቀረው ማገናኘት ነው።

እኛ ጋ ደግሞ የፖስታ ታሪክ ራሱ ነጥቡን ዘሎት ነው ያለፈው። ዘመናዊው ፖስታ በምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረትን ተቀላቀለች። ቢሆንም አድራሻችን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሆኖ ኖረ። ደብዳቤው ወደ አንተ አይመጣም፤ አንተ ወደ ደብዳቤው ትሄዳለህ። የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ተቀባዩ ነበር። መታወቂያዬ ላይ የቤት ቁጥር አለ፣ አልካድኩም፤ ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ ቤቴን ያገኘ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ነጥቡን በየቀኑ የሚሠራው ሞተረኛው ነው፤ በራሱ ስልክ፣ በራሱ ካርድ፣ በራሱ ጭንቅላት። የትኛው ኮብልስቶን ሲዘንብ እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ጥበቃ ዕቃ እንደሚቀበል ያውቃል። ይሄ ዕውቀት ደግሞ ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እነ ዶሮ ማነቂያ አብረው ሄዱ። የፈረሰው ቤት ብቻ አይደለም፤ «ከእንትን ቤት አጠገብ» የሚለው አቅጣጫ ሁሉ አብሮ ፈረሰ። ካርታውን ማደስ ይቻላል፤ የሞተረኛውን ትዝታ ግን ማን ያድሰዋል?

ዕቃዬን ተቀብዬ ልሄድ ስል ሞተረኛው «ቆይ፣ ስልክሽን ልመዝግበው፤ ሌላ ቀን እንዳንቸገር» አለኝ። ስሜን የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። አልጠየቀኝም። አሻግሬ ሳይ የጻፈው «ቀይ በር፣ ዳቦ ቤት የነበረው» ይላል።