ባናውን ከመቁረጣችሁ በፊት

እስቲ ቤታችሁ ያለውን የልብስ ሣጥን እስከ ሥሩ ፈትሹት። ማንም የማይለብሰው ጋቢ ወይም አሮጌ የመንዝ ባና አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ጨርቅ የትራስ ልብስ ወይም የግድግዳ ጌጥ ማድረግ ትናንት ከውጭ የመጣ ፋሽን ይመስላል። ኧረ አይደለም!

የጥንት ብራና መጻሕፍትን ገበታ ገልጣችሁ በውስጥ በኩል ስታዩ፣ የሽፋኑ ቆዳ ያልደረሰበት አራት ማዕዘን ቦታ ይቀራል። በብዙዎቹ ላይ እዚያች ቦታ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፏል፦ የህንድ ጥጥ፣ ሐር፣ አበባ የታተመበት የአውሮፓ ጨርቅ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ከተቀመጡት ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች መካከልም እንዲህ ያሉ አሉ። ደጓሹ ከትልቅ ጨርቅ የተረፈች ቁራጭ ትበቃዋለች። የታሪክ አጥኚ ደግሞ ያችኑ ቁራጭ ይዞ የንግድ መስመር ይከተላል። ሸማኔዎችም ቢሆኑ ከውጭ የመጣ ባለቀለም ጨርቅ ተርትረው ክሩን ለጥለት ይጠቀሙበት ነበር።

አሁን ወደ መሐል ሜዳ እንውጣ። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ብርዱ ጥጥ አያበቅልም፤ በግ ግን ሞልቷል። የመንዝ በግ ጠጕር ሸካራ ነው፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፣ ባና ይወጣዋል። ጥቁርና ቡናማው መስመር ብዙ ጊዜ ቀለም የተነከረ አይደለም፤ በጉ ራሱ ይዞት የተወለደው ነው።

ያረጀ ባና ግን እንደ ጥጥ ጨርቅ ልተርትርህ ቢሉት እሺ አይልም። ለምን? የበግ ጠጕር በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ዓሣ በቅርፊት የተሸፈነ ነው። እርጥበት፣ ሙቀትና መታሸት ሲደጋገምበት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ጨርቁም ይኮማተራል፣ ይጠብቃል። ስንት ክረምት ዝናብ የመታው፣ ስንት ሌሊት የተተኛበት ባና ድሩና ማጉ እንደ አንድ ሆኗል። ሲቆረጥም ጫፉ ቶሎ አይበተንም።

ለስፌት ይመቻል ማለት ነው። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ መቀስ ካለፈበት በኋላ መመለሻ የለውም። ስለ ባና የተጻፈው ጥቂት ነው። የፈታይዋ ክር የት እንደቀጠነ፣ ሸማኔው የትኛው በግ ጠጕር አልቆበት ሌላ እንደተካ የሚነበበው ከጨርቁ ከራሱ ነው። ትራስ ለማድረግ ከመሐሉ ስትቆርጡ የምትቆርጡት ይህን ነው።

እኔ ብጠየቅ ደህናውን ባና አልነካውም፤ ሙሉውን በዘንግ ላይ አድርጌ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። መቀስ የሚገባው ብል ለበላው ነው። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ አራግፉት፤ የብል እንቁላል ካለበት ሌላውን የሱፍ ልብሳችሁን ይጨርሰዋል። በሙቅ ውሃ ደግሞ እንዳታጥቡት፣ የቅርፊቱን ነገር አስታውሱ!

ጋቢ ከዚህ ይቀላል። አራት ድርብ ስለሆነ ስፌቱን ብቻ ብትፈቱት ያለ መቀስ ይዘረጋል፤ ሰፊ መጋረጃ ይወጣዋል። ነገ ሐሳባችሁን ብትለውጡም መልሳችሁ ትሰፉታላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ፎቶ አንሱት፤ የፈተለችው አያታችሁ ከሆነችና በሕይወት ካለች፣ ጥጡ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ከፎቶው ጀርባ ጻፉበት።