ከሰጋቱራ እስከ ማገዶ፦ የብሪኬት ታሪክ

ብሪኬት ሲባል ብዙዎቻችን በቅርቡ ለስደተኛ ካምፕ ተብሎ የመጣ ነገር ይመስለናል። እንደዚያ ግን አይደለም፤ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1897 ኤልስዎርዝ ዝዎየር የተባለ አሜሪካዊ ለከሰል ብሪኬት የፈጠራ መብት አገኘ። ነገሩን በሰፊው ያስታወቀው ግን የመኪና ኩባንያ ነው። በ1920ዎቹ የፎርድ መኪና ብዙ የእንጨት ክፍል ስለነበረው ኩባንያው በሚቺጋን ግዛት ደን ገዝቶ የእንጨት መሰንጠቂያ አቋቋመ። ቁርጥራጩና ሰጋቱራው ተከመረ። ኦሪን ስታፎርድ የተባሉ ኬሚስት ባወጡት ዘዴ ቁርጥራጩ አየር እንዳያገኝ ተደርጎ ከሰለ፤ ከሰሉ ተፈጭቶ በስታርች ተለወሰ፤ ከዚያም በመጭመቂያ ቅርጽ ያዘ።

በ1930ዎቹ በአይዳሆ ግዛት፣ በሉዊስተን ከተማ፣ ሌላ መንገድ ተገኘ። ሰጋቱራው ሳይከስል፣ ማጣበቂያም ሳይገባበት በኃይለኛ ማሽን ተጨመቀ። ግፊቱና ሙቀቱ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ሊግኒን ስለሚያለሰልሰው እሱው ራሱ ማጣበቂያ ይሆናል።

ለምንድነው የሚጨመቀው? ልቅ ሰጋቱራ እሳት ላይ ቢደፉት አየር ያሳጣዋል፤ መጨስ ብቻ ነው። ተጨምቆ ሲደርቅ ግን ቀስ ብሎ ይነዳል። በእጅ ለሚሠራ ሰው የሚሆነው የፎርድ መንገድ ነው። የከሰል ዱቄት በራሱ ስለማይጣበቅ በስታርች ወይም በሸክላ አፈር ይያዛል። አፈሩ ግን አይነድም፤ ከበዛ ትርፉ አመድ ነው።

ይህ ለእኛ ከትምህርት በላይ ነው። በኬንያ በሶማሊያ ድንበር አቅራቢያ ባሉ ካምፖች የነበሩ ሴቶች ማገዶ ለቀማ ሲወጡ ይደፈሩ እንደነበር ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1993 ጽፏል። በዳዳብ ከ1998 ጀምሮ ማገዶ መታደል ጀመረ፤ ለሁሉም ግን አልበቃም።

ፎርድን የጠቀመው ጥሬ ዕቃው እዚያው ግቢው ውስጥ መኖሩ ነው። እኛም መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን “ጥሬ ዕቃው የት አለ?” ብለን ነው። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ፣ ከገበያ የከሰል ድቃቂ ከተገኘ ጥሩ። እሱን ፍለጋ እናቶችና እህቶች እዚያው ጫካ የሚሄዱ ከሆነ ግን አደጋው እንዳለ ነው።

ስለዚህ መምህራን፣ መጭመቂያ ከመሠራቱ በፊት ተማሪዎቻችሁ ካምፑን ዞረው ይቁጠሩ፦ በሳምንት ስንት ጆንያ ሰጋቱራ፣ ስንት ጆንያ የከሰል ድቃቂ ይጣላል?