አጽናፈ ዓለም ጽንፍ አለው?

አራዳ ጊዮርጊስ ገብቶ ሽቅብ የተመለከተ ሰው ጣራው ከፊሉ ሰማያዊ ተቀብቶ የወርቅ ከዋክብት እንደተነሰነሱበት አይዘነጋም። ከዓድዋ ድል በኋላ የታነጸው ይህ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን «ጠፈር» የሚለውን ቃል ከነፍቺው አንጠልጥሎ ይዞታል። በግዕዝ ጠፈር ጣራ ነው፤ ሰማይም ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የመለሱት ሊቃውንት በሁለተኛው ቀን ለተፈጠረው ነገር ስም መስጠት ነበረባቸው። ዕብራይስጡ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ ነገር ይለዋል፣ ግሪኩ ጽኑ ነገር ይለዋል፣ የእኛዎቹ ጣራ አሉት። ከሦስቱ የእኛን እመርጣለሁ። ዕብራይስጡና ግሪኩ ስለ ጥንካሬው ሲጨነቁ የእኛው ከሥሩ ሰው እንደሚኖር አሰበ።

ጣራ ካለ ቤቱ ልክ አለው። በአንድምታ መምህራን ትምህርት ከጠፈር በላይ ሐኖስ የሚባል ውሃ አለ፤ ከዚያም በላይ ሰባቱ ሰማያት፣ ከኤረር ጀምሮ እስከ ጽርሐ አርያም፣ ፎቅ በፎቅ ይደረደራሉ። መጽሐፈ ሄኖክም ሄኖክን እስከ ምድር ዳርቻ ወስዶ ሰማይ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ ደጆች ያሳየዋል። ዳሩ የሚጎበኝ፣ በሩ የሚቆጠር ዓለም ነው።

መስከረም 1950 ዓ.ም. ስፑትኒክ ስትመጥቅ አማርኛ ቃል ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መንኮራኩርን አወጣ፤ በግዕዙ የሠረገላ ጎማ ነው። ጠፈርንም ከዚያው አነሣ። ጋጋሪን በ1953 ሚያዝያ ምድርን ሲዞር ጠፈርተኛ ተባለ፤ ቃሉን ቃል በቃል ከወሰድነው «ባለጣራ» እንደ ማለት ነው፣ ያውም ጣራ እንደሌለ ሄዶ ላየ ሰው! ቃሉ ጣራውን አጥቶ ስፋቱን ብቻ ይዞ ቀረ፤ ማንም ቅር አላለውም።

ወደ ዋናው ቃል ልምጣ። ጽንፍ በግዕዝ ጫፍ፣ ዳር፣ ጠርዝ ነው፤ ለልብስም ለምድርም ይነገራል። ብዙ ቁጥሩ አጽናፍ ነው። ዛሬ በፖለቲካ መድረክ ጽንፈኛ እየተባባልን የምንወራወርበትም ይኸው ነው፣ ዳር ይዞ የቆመ ለማለት። እንግዲህ አጽናፈ ዓለም ማለት «የዓለም ዳርቻዎች» ነው። ከዳር እስከ ዳር ስንል መሃሉንም እንደምንጨምር፣ ጫፎቹ ተጠርተው በውስጣቸው ያለው ሁሉ ታሰበ። ውሎ አድሮ ቃሉ ለዩኒቨርስ ተሰጠ። ስለዚህ «አጽናፈ ዓለም ጽንፍ አለው?» ብሎ በአማርኛ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በጥያቄው ውስጥ ተናግሯል፤ ቃሉን የሠሩት ሰዎች ዳር የሌለው ዓለም አላሰቡም።

«ዓለም» ግን ሌላ ታሪክ አለው። የዕብራይስጡና የአራማይኩ ዘመዱ መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ጊዜ ነበር፤ ሩቅ ዘመን፣ መጨረሻው የማይታይ ዕድሜ። የቦታነቱ ፍቺ የመጣው በኋላ ነው። ግዕዝ ሁለቱንም ወረሰ። «ዘለዓለም»ን ብትፈቱት «ዘ»፣ «ለ» እና «ዓለም» ታገኛላችሁ። አማርኛ ውስጣዊውን «ለ» ረስቶት ሌላ «ለ» ደርቦ «ለዘላለም» ይላል፣ አንዱ ያልበቃው ይመስል። ዓለም ተድላ ሆኖ «ዓለሙን ቀጨ» ሲባልም የቆየ ነው። «ዓለም ዘጠኝ ነው» የሚለው ተረት ደግሞ የጎደለ ያደርገዋል፤ አስር አይሞላም።

ሁለቱን ቃላት ብታጣምሩ የሚወጣው ነገር ይገርማል። በአጽናፍ በኩል ቦታው ዳር አለው፤ በዓለም በኩል ጊዜው ማለቂያ የለውም። የዛሬ ሳይንስ የሚለው የዚህን ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። ዕድሜው ተቆጥሯል፤ ዛሬ የምናየው መስፋፋት ከጀመረ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቦታውን በተመለከተ ግን ዳር አልተገኘም። ጊዮርጊስ ካለበት ከፒያሳ ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ በሚታየው እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ግድም ከፍታ፣ የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። እነሱም ሆኑ ከእነሱ የሚልቁት የሚያዩት ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ ያገኘውን ብቻ ነው፤ ስፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 93 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ይገመታል። ያ የእይታችን ወሰን ነውና አድማስ ይባል እንጂ ጽንፍ አይባልም። አድማስ በተራመዱ ቁጥር ይሸሻል።

ከአድማሱ ወዲያስ? እስካሁን በተለካው መጠን ግዙፉ የሰማይ ሦስት ማዕዘን ደብተር ላይ እንደሚሣለው ነው፤ የማዕዘኖቹ ድምር 180 ዲግሪ ይሆናል፣ ቦታው ጎብጦ አልተገኘም ማለት ነው። ይህ ዓለሙ ማለቂያ የሌለው መሆኑን አይከለክልም፤ አያረጋግጥምም።

ስፋትን ካነሣን አይቀር፣ «ፒያሳ» የሚለውን ቃል በ1928 የመጣው የኢጣሊያ ወረራ ትቶልን ሄደ። ኢጣሊያኖቹ ከላቲን፣ ላቲኖቹ ከግሪክ የወሰዱት ሲሆን ሥሩ «ሰፊ» ማለት ነው። ዓለማት ማለቂያ የላቸውም ብሎ የጻፈው ጆርዳኖ ብሩኖ እ.ኤ.አ. በ1600 በእሳት የተቃጠለውም ሮም ውስጥ ባለ አንድ ፒያሳ ላይ ነው። የእኛው ፒያሳ በ2016 ብዙ ሰፈሩ ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ ወደ ጥንት ፍቺው ተመለሰ ልበል? ነዋሪው ግን እንዲህ ያለ ሥርወ ቃል አልጠየቀም።

ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ፣ የሚያስቸግረኝ «ውስን» የሚለው ቃል ነው። ከወሰን የወጣ ነው፤ ወሰን ደግሞ ድንበር ነው፣ ውሳኔም ከዚያው ይመጣል። አማርኛ መጠን ያለውን ነገር ሁሉ ድንበር ያበጅለታል። አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ያቀረበው ዓለም ግን መጠን ያለው፣ ድንበር የሌለው ነበር። ይህን «ውስን ሆኖ ወሰን የሌለው» ብለን ብንጽፍ ተማሪው ያሾፍንበት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ የምኒልክን ሐውልት በመኪና የሚዞር ሰው ዳር አያጋጥመውም፣ የዙሩ ርዝመት ግን በሜትር ይለካል።

«እልቆ መሳፍርት የሌለው» የሚለውም አያዋጣም። ግዕዙ ኍልቍ ቁጥር ነው፣ መሳፍርት ከሰፈረ፣ እህል ከመስፈር ይወጣል። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ እህል በቁና ሲሰፍር የሚያውቀው ቃል ነው፤ ሰፋሪ የሚያደክም ብዛትን እንጂ ማለቂያ ማጣትን አይናገርም።

ከዚያው ገበያ የሚሻል ቃል አለን፤ «ልክ»። ልክ ያለው ሁሉ የግድ ዳር የለውም። የመማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁና ሳይንስ ወደ አማርኛ የምትመልሱ ሁሉ፣ «ውስን ነው ወይስ ኢውስን» የሚለውን ተዉትና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ ልክ አለው ወይ? ዳር አለው ወይ? አጽናፈ ዓለም የሚለውን ስም ግን አትንኩት፤ ጠፈር ያለ ጣራው እንደኖረ እሱም ያለ ጽንፉ ይኖራል።